ለእማማ ኤርሲሊያ የሚሆን ጀልባ

በሳማና ወደብ ዳር፣ ከአልመንድ ዛፉ ሥር ቢጫ ጃንጥላ ዘርግቼ የዓሣ ነባሪ ጉዞ እሸጣለሁ። ጀልባ የለኝም፤ የምሸጠው የሰው ጀልባ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ዓሣ ነባሪዎቹ ሊወልዱና ሊጋቡ ወደ ባሕረ ሰላጤያችን ይገባሉ፤ እነሱን ለማየት ደግሞ ካለበት ሁሉ ሰው ይጎርፋል፤ እኔም መንገድ ላይ ቆሜ እጠልፈዋለሁ። “ትክክለኛው ጀልባ የቱ ነው?” ይለኛል ሁሉም። ትክክለኛው አንድ ብቻ የሆነ፣ እሱንም ጃንጥላዬ ሥር የደበቅሁበት ይመስል።

እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ሆድህ ባሕር ይችላል ወይ? የማይችል ከሆነ ሰፊውንና ከባዱን ጀልባ እሰጠዋለሁ። በቅርብ ማየት ነው የፈለግኸው ወይስ ደልቶህ መቀመጥ? በቅርብ የሚል በትንሿ ጀልባ ይሄዳል፣ ርሶም ይመለሳል። ከማን ጋር ነህ? ይኼ ዋናው ነው። ከአዲስ ሚስቱ ጋር የመጣና ከአማቱ ጋር የመጣ ሰው አንድ ጀልባ አይስማማቸውም። ብዙ ጊዜ አልሳሳትም። ተመልሰው የሰደቡኝ ፈረንሳዮች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዓሣ ነባሪውንም ይሰድቡታል።

አንድ የመጋቢት ጠዋት፣ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል፣ እማማ ኤርሲሊያ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የገለባ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቴ ቆሙ። ክርስትና ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው።

“ይመርቁኝ እማማ” አልኳቸው ብድግ ብዬ።

“እግዜር ይባርክሽ። ተቀመጪ፣ ዛሬ ደንበኛ ነኝ። ዓሣ ነባሪ ማየት እፈልጋለሁ። የትኛው ጀልባ ይሻለኛል?”

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳየው ግን መልሼ ዋጥኩት።

ሳማና ውስጥ ዓሣ ነባሪ አይቶ የማያውቅ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ድሃና የጀልባ ባለቤት ሚስት። የእማማ ባል ዶን ቴዎፊሎ እንግዳ ወደ ዓሣ ነባሪ ማመላለስ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ሚስታቸውን “የዛሬ ሳምንት እወስድሻለሁ” ይሏቸው ነበር። ሳምንቱ ሲደርስ ያቺ የቀረችው አንዲት ወንበር ለእንግዳ ትሸጣለች። “ለከርሞ” ይላሉ ዶን ቴዎፊሎ። ከርሞም ይመጣል፣ ያልፋል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለተሳፋሪ የዝንጅብል ብስኩት ሲጋግሩ፣ ተሳፋሪ ያስታወከበትን ፎጣ ሲያጥቡ ኖሩ፤ የዓሣ ነባሪ ጅራት ግን በፖስት ካርድ ካልሆነ አላዩም። ዶን ቴዎፊሎም ቃላቸውን ሳይፈጽሙ ሞቱ።

አሁን ደግሞ ስኳሩ ዓይናቸውን እየበላው ነው። ሐኪሙ “ለከርሞ ጥላ እንኳ ካዩ እግዜርን ያመስግኑ” ብሏቸዋል። ስለዚህ ከርሞ የሚባለው ነገር አለቀ። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ልጆቻቸውም ያውቃሉ።

ልጆቻቸው! ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ኤልፒዲዮና ዳኒሎ ሁለቱም እንደ አባታቸው የዓሣ ነባሪ ጀልባ ይነዳሉ። አባታቸው በሞቱ በዘጠነኛው ቀን፣ የጸሎቱ ሻማ ሳይጠፋ፣ በጀልባዋ ተጣሉ። ታላቁ ኤልፒዲዮ “በኩሩ እኔ ነኝ” አለ። ታናሹ ዳኒሎ “እስከ መጨረሻው አብሬው የሠራሁት እኔ ነኝ” አለ። ጎረቤት ገባ፣ ቄሱ ገባ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። መጨረሻ ላይ ዳኒሎ ጀልባዋን ወሰደ፤ ኤልፒዲዮ ሞተሯን ፈትቶ ወሰደ። ሞተር የሌላት ጀልባና ጀልባ የሌለው ሞተር! በሬ እንኳ እንዲህ የሚከፋፈለው ከታረደ በኋላ ነው። ኤልፒዲዮ ያንን ሞተር ባለ ጣሪያ አዲስ ጀልባ ላይ ገጠመው፤ ያረጀ ነው፣ እንደ ጉንፋን በሽተኛ ያነጥሳል፤ ሊጥለው ግን አይፈልግም። ዳኒሎም ለአሮጌዋ ጀልባ አዲስ ሞተር ገዛላት፤ ሆዷ ማዕበሉን ጧ ጧ እያደረገ ሲመታ ከሩቅ ትታወቃለች። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ቃል አልተለዋወጡም። ባሕር ላይ የግድ ሲሆን እንኳ በሬዲዮ “ለዚያ ሰውዬ ንገሩት” ነው የሚሉት።

“ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል” ይባላል። የእማማ ሁለት ባላዎች አልተሰበሩም፤ እርስ በርስ ሲማቱ ቤቱን አፈረሱት እንጂ።

ሁለቱም ታዲያ ለእናታቸው ወንበር አዘጋጅተው ነበር። አባታቸው ያላደረጉትን አደረጉ፤ ይህን አልክድም። ኤልፒዲዮ ከጣሪያው ሥር ትራስ ያለው ወንበር አስሮ፣ “የእማዬ ነው” ብሎ ወቅቱን ሙሉ ሰው ሳያስቀምጥበት ከረመ። ዳኒሎ አባቱ ይቀመጡበት የነበረውን የፊት አግዳሚ ሰማያዊ ቀብቶ ለእናቱ ብሎ ትቶታል። ሁለቱም በየተራ ጃንጥላዬ ሥር እየመጡ “አንቺን ትሰማለች፣ ወደ እኔ ላኪያት” ብለውኛል። የእናት ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እማማ የተቀመጡበት ጀልባ የአባት ቤት ተብሎ ይጠራል፤ የሌላው የእንጀራ ልጅ ቤት ይሆናል። ከተማው በሙሉ የሚጠብቀው ይኼንኑ ነበር። ከዛፉ ማዶ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሽማግሌዎችማ በቢራ ተወራርደውበታል።

“እሺ ደንበኛዬ” አልኳቸው፣ “ሆድዎ ባሕር ይችላል?”

“ሆዴ ሁለቱን ልጆቼን ችሏል። ባሕር ምን ያደርገዋል?”

“በቅርብ ማየት ነው የሚፈልጉት ወይስ ደልቶዎት መቀመጥ?”

“ማየት። ለመቀመጡማ ቤቴም ወንበር አለኝ።”

“ከማን ጋር ነዎት?”

ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉት።

“ይኼውልሽ ብሪሂዳ፣ ችግሬ እሱ ነው” አሉኝ። “በታናሹ ብሄድ ታላቁ የአባቱን ሬሳ እንደ አዲስ ያወጣዋል። በታላቁ ብሄድ ታናሹ ዳግመኛ ደጄን አይረግጥም። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ልል አስቤ ነበር። የዛሬው የማን ይሁን?”

“ዕጣ ይጣሉ።”

“በልጅ ዕጣ ይጣላል እንዴ? አንቺ ደግሞ!” ከዚያ በአገጫቸው ወደ ወደቡ ጫፍ አመለከቱ። “ያቺ አረንጓዴ ጀልባ የማን ናት?”

“የኦልሜዶ። እሱኮ የሳባና ሰው ነው እማማ!”

የሳባና ሰዎች ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ናቸው። እኛ ሌባ እንላቸዋለን፤ እነሱ እኛን ጉረኛ ይሉናል፤ ሁለታችንም ብዙ አልተሳሳትንም።

“የሳባና ሰው ሰው አይደለም?”

“ሰውማ ነው።”

“ዓሣ ነባሪ ያሳያል?”

“ያሳያል። ሳይታይ ከቀረም ሌላ ቀን በነጻ የሚሄዱበት ትኬት ይሰጣል። የጀልባው ደንብ ነው።”

“በቃ፣ የኔ ጀልባ እሷ ናት። ከባዕድ ጋር የሄደች እናት ለማንም አላደላችም። ሁለቱም በእኔ ይናደዱ። ማን ያውቃል፣ እኔን ለማማት ሲሉ እንኳ ይነጋገሩ ይሆናል።”

ይኼን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አንጀቴን በላው። ዓሣ ነባሪው ብቻ አልነበረም የፈለጉት። ክፍያውን እንዳያወጡ ብለምናቸው እምቢ አሉ፤ “ባሌ የሸጠብኝን ወንበር ነው የምገዛው” ብለው ፔሶውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። እኔም ስንት ዓመት ጀልባ ስሸጥ እንዲህ አስቦ የመረጠ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም አልኩ በልቤ። ጃንጥላዬን አጥፌ አብሬያቸው ሄድኩ።

በዶሚኖ ተጫዋቾቹ በኩል ስናልፍ ሽማግሌው ቺቾ አላስቻለውም። “ዶኛ ኤርሲሊያ! የልጆችዎ ጀልባ ቀዳዳ ሆነ እንዴ?” ብሎ ጮኸ።

“ጀልባቸው ደኅና ነው፤ የሚያፈሰው ጭንቅላታቸው ነው። አንተም ድንጋይህን ጣል!” አሉት።

ሁሉም ሳቁ፤ ግን ገና ከጀልባው መሰላል ሳንደርስ ስልክ የያዘ ሁሉ ወደ ባሕር ይደውል ነበር። ወንድማማቾቹ የጠዋት እንግዳ ይዘው ወጥተው ስለነበር ወሬው ቀድሞን ደረሳቸው።

ኦልሜዶ አጭርና ዝምተኛ ሰው ነው። እማማን እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው፤ ከፊት አስቀመጣቸው፤ የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ራሱ አሰረላቸው። “ባለቤትዎ አንድ ጊዜ ነዳጅ አልቆብኝ እስከ ቤቴ ጎትተውኛል፤ ሳንቲም አልተቀበሉኝም” አላቸው።

“እሱ ለሰው ደግ ነበር” አሉ እማማ።

ትንሿን ደሴት አልፈን ባሕረ ሰላጤው ወደ ሰፊው ባሕር የሚከፈትበት ስንደርስ ማዕበሉ ከፍ አለ። ሌሎቹ እንግዶች ፊታቸው አመድ ሲመስል እማማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። በሬዲዮ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹ ዓሣ ነባሪዎች ወደ ሰሜን ሄደዋል፤ የቀረችው አንዲት እናት ከነግልገሏ ናት። እናትና ግልገል ሲሆኑ ደግሞ ከሁለት ጀልባ በላይ አይጠጋም፤ ሌላው ራቅ ብሎ ይጠብቃል፤ የቀደሙት ግማሽ ሰዓት አይተው ለሚቀጥለው ይለቃሉ። ይህን ደንብ ካቆሙት ጀልበኞች ውስጥ አንዱ ዶን ቴዎፊሎ ነበሩ።

ስንደርስ ሁለት ጀልባ ቆሟል። ኦልሜዶ በመጠበቂያው ላይ ሞተሩን አጠፋ።

“የታለች?” አሉኝ እማማ።

“እዚያ፣ ከሁለቱ ጀልባዎች መካከል።”

“ለኔ የሚታየኝ ሁለት ነጭ ነገር ነው።”

“እነሱ ጀልባዎቹ ናቸው እማማ። እሷ መሐላቸው ናት፤ ቀረብ ስንል ያይዋታል።” የማን ጀልባዎች እንደሆኑ ልነግራቸው አልፈለግሁም። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ሰጡ።

“ያ የሚያነጥሰው የቴዎፊሎ ሞተር ነው። ያቺ ጧ ጧ የምትለው የቴዎፊሎ ጀልባ ናት። ሠላሳ ዓመት በመስኮት እየሰማሁ ጠብቄያቸው እንዴት ይጠፋኛል? ሁለቱም እዚህ ናቸው” አሉ፤ ደስም ያላቸው መሰለኝ።

ጠበቅን። ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። ማንም አልተነቃነቀም። አንድ እንግዳ “ለምን አንጠጋም?” ብሎ ሲያጉረመርም እማማ ዞረው “ደንብ ነው ልጄ፣ ተራ ነው” አሉት፤ እንግዳው ቋንቋው ባይገባውም ዝም አለ። በመጨረሻ ኦልሜዶ ሬዲዮውን አነሣ።

“ኤልፒዲዮ፣ ዳኒሎ፣ ኦልሜዶ ነኝ። ሰዓታችሁ አልቋል። እናታችሁ እኔ ጋ ናቸው። አንዳችሁ ልቀቁልኝ።”

ሬዲዮው ትንሽ ተንጫጫ። ከዚያ የኤልፒዲዮ ድምፅ መጣ። “ወንበሯ እዚህ ባዶውን አለ፤ እሷ ናት ያልመጣችው። ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ እሱ ይልቀቅ። እናቴ ዓሣ ነባሪ ስታይ አጠገቡ የምታየው እኔን ነው።”

“በኩር ነኝ ሲል አልነበር?” አለ ዳኒሎ። “በኩር ከሆነ እሱ ይልቀቅ። መጥታ እሱን ብቻ እንድታይ ነው? ንገረው፣ አልነቃነቅም።”

“ጎበዝ፣ ዓይናቸውኮ...” አለ ኦልሜዶ።

“ስለ እናቴ ዓይን የሳባና ሰው አይነግረኝም!” አሉ ሁለቱም፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየደረበ። ከአባታቸው ሞት ወዲህ የተስማሙበት ነገር ይኼ ብቻ ነው።

እማማ እጃቸውን ዘረጉ፤ ኦልሜዶ ሬዲዮውን አፋቸው ላይ ያዘላቸው። “ኤልፒዲዮ። ዳኒሎ። እኔ ነኝ” አሉ። “ዓሣ ነባሪዋን ልያት።” በቃ፣ ሌላ አልጨመሩም።

“መርቂኝ እማዬ!” አለ ኤልፒዲዮ። “መርቂኝ እማዬ!” አለ ዳኒሎ።

እኛ አገር ሰው ተጣልቷትም ቢሆን እናቱን ሳያስመርቅ አያናግራትም፤ እናትም ልጇ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን “እግዜር ይባርክህ” ሳትል አትቀርም። እማማ አፋቸውን ከፈቱ። ሊመርቋቸው ነበር። ግን ኤልፒዲዮ ቀጠለ፤ “እሱ ይልቀቅና ነይ እማዬ!” አለ። ዳኒሎም፣ “እሱ ነው የሚለቀው፣ ከዚያ ትመጫለሽ!” አለ።

እማማ ሳይመልሱ ሬዲዮውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። አንዱ ሌላው እንዳይቀድመው እያለ ወደ ዓሣ ነባሪዋ ጠጋ አለ፤ ሌላውም ተጠጋ። እሷ ግልገሏን ወደ ወዲያኛው ጎኗ አዞረችው። እናት አይደለች? አንድ ጊዜ ተነፈሰች፤ ጅራቷን አነሣች፤ እኔ “ያቻት! እማማ፣ ያቻት!” እያልኩ ትከሻቸውን ስይዝ፣ እሳቸው የጣቴን አቅጣጫ ሲፈልጉ፣ ባሕሩ ተዘጋ። ኦልሜዶ ነዳጁ እስኪያስፈራው ድረስ ፈለጋት። አልተገኘችም።

ወደብ ስንደርስ ኦልሜዶ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ “ዓሣ ነባሪ ያላየ ሰው አለ?” አለ። ከሩቅ ጅራት ብቻ ያየውም ጭምር ሁሉም እጁን አነሣ፤ እማማም አነሡ። ለሁሉም ትኬት አደለ። ለእማማ ሲሰጥ፣ “የዘንድሮው እንግዲህ አልቋል፣ ለከርሞ...” ብሎ ጀመረና አንገቱን ደፋ።

“ግድ የለም፣ ቃሉን ለምጄዋለሁ” አሉት። ትኬቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ልጆቹ ከኋላ ከኋላችን ደርሰው፣ እየሮጡ መጡ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ቆመው “መርቂኝ እማዬ” አሉ። ኤልፒዲዮ ባርኔጣውን አውልቆ ይዞ ነበር፤ የዳኒሎ ዓይን ቀልቷል። ኦልሜዶም፣ እንግዶቹም፣ ዶሚኖ ተጫዋቾቹም ቆመው ያያሉ።

“አብራችሁ ስትመጡ እመርቃችኋለሁ” አሉ እማማ።

“አብረን ነንኮ ያለነው” አለ ዳኒሎ።

“አብራችሁ አይደላችሁም፤ እኩል ደረሳችሁ እንጂ። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ደጄ ስትመጡ።”

ያን ጊዜ ሁለት እርምጃ ነበር በመካከላቸው። እኔ ጸለይኩ፤ እውነቴን ነው፣ እዚያው ቆሜ ጸለይኩ። ኤልፒዲዮ ባርኔጣውን አደረገ። ዳኒሎ ምራቁን ወደ ባሕር ተፋ። አንዱ ወደ ገበያው፣ አንዱ ወደ ድልድዩ ሄደ። እማማ ያሰቡት ነገር ሁሉ እንዲህ ሆነ። ለማንም ላለማድላት ሦስተኛውን ጀልባ መርጠው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኑ፤ ዓሣ ነባሪውንም አላዩ፣ ልጆቻቸውንም አላስታረቁ።

ዓመቱ አለፈ። ኤልፒዲዮ መድኃኒታቸውን ይገዛል፣ ጣሪያቸውን ይጠግናል። ዳኒሎ ዓሣና ኮኮናት ያመጣላቸዋል። ለየብቻቸው ይመጣሉ፤ አንዱ በር ላይ የሌላውን ሞተር ሳይክል ካየ ከጥግ ቆሞ እስኪሄድ ይጠብቃል። “መርቂኝ እማዬ” ይላሉ። “አብራችሁ ስትመጡ” ይላሉ እማማ። ሌላውን ሁሉ ይነግሯቸዋል፣ ያበሏቸዋል፣ ይቆጧቸዋል፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን ከልክለዋቸዋል። ኤልፒዲዮ አንድ ቀን ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ፤ ያን የሚያህል ሰውዬ። “ሳልመረቅ ባሕር በወጣሁ ቁጥር የምመለስ አይመስለኝም” አለኝ።

“ታዲያ ወንድምህን ይዘህ ሂድና ተመረቅ፣ ምን ያስለቅስሃል?” አልኩት።

“ከእሱ ጋር ከምሄድ ሳልመረቅ ልሙት” አለኝ።

ዳኒሎን ስጠይቀው ቃል ሳይለውጥ ያንኑ አለኝ። የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው የሚያስታውቀው በዚህ ነው። ሁለቱንም በጃንጥላው እንጨት ብላቸው ደስ ባለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ጥር ዓሣ ነባሪዎቹ ሲገቡ እማማ ጨርሰው አያዩም ነበር። ትኬቱን ረስተውታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጠዋት ያንኑ ቀሚስ ለብሰው፣ በጎረቤት ልጅ ክንድ ተደግፈው መጡ። “ተነሺ፣ ትኬቴ ሳይቃጠል እንሂድ” አሉኝ። ምን እላለሁ? ጃንጥላዬን አጠፍኩ። በዶሚኖዎቹ በኩል ስናልፍ ቺቾ አልቀለደም፤ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አነሣ፤ እማማ አላዩትም።

በዚያ ቀን ወንድማማቾቹ እንደገና ከእናትና ግልገል አጠገብ ነበሩ። ኦልሜዶ በሬዲዮ “ዶኛ ኤርሲሊያን ይዣለሁ” ብሎ ሳይጨርስ ሁለቱም ሞተራቸውን አዞሩ። ማንም ማንንም አልጠበቀም። ከነእንግዶቻቸው፣ እንግዶቹ እየጮኹባቸው፣ ቦታውን ባዶ አድርገው ለቀቁላቸው። ባለፈው ዓመት ይኼን ቢያደርጉ ኖሮ! አንዱ ብቻ ቢያደርገው ኖሮ!

ዓሣ ነባሪዋ ራሷ መጣችብን። ከጀልባው አጠገብ ብቅ ብላ ስትተነፍስ ውሃው ፊታችንን አጠበው። እማማ በድንጋጤ ክንዴን ጨመቁት፤ ከዚያ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

“ይኼ ነው እንዴ?” አሉ ፊታቸውን ሳይጠርጉ። “ቴዎፊሎ ሲመለስ ሸሚዙ የሚሸተው ይኼን ነበር። እኔ ዓሣ ነው እል ነበር።”

ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ቀጭን ትንፋሽ ተሰማ።

“ግልገሉ ነው” አሉ። “አጠገቧ ነው አይደል?”

“ጎኗ ላይ ተለጥፏል።”

ጥቂት አዳመጡ። “ልጆቼስ የታሉ?”

“ለቀቁልዎት እማማ። ሁለቱም ለቀቁልዎት።”

“ሁለቱም?” ፊታቸው በራ። “አብረው?”

ኤልፒዲዮ በደሴቲቱ በኩል ቆሟል። ዳኒሎ በሰፊው ባሕር በኩል ቆሟል። ጀርባቸውን ተሰጣጥተዋል። እኔ ሻጭ ነኝ፤ ማዕበል እያየሁ “ዛሬ ባሕሩ ዘይት ነው” የምል ሴት ነኝ። ለማላውቀው ሰው በቀን ስንት ጊዜ የምዋሸውን ለክርስትና እናቴ አንድ ጊዜ ብዋሽ ምን አለበት አልኩ።

“አዎ እማማ” አልኳቸው። “አብረው ናቸው። ጎን ለጎን ቆመው እርስዎን ያያሉ።”

እማማ አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን፣ ከዚያ ወደ ሌላው ወገን ዘንበል አደረጉ።

“ብሪሂዳ” አሉኝ፣ “የአባታቸው ሞተር የሚያነጥሰው በቀኜ ነው። የአባታቸው ጀልባ ጧ ጧ የምትለው በግራዬ ነው። የጠፋብኝ ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።”

ዓሣ ነባሪዋ እንደገና ተነፈሰች፤ ግልገሉም ተነፈሰ፤ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ይጮኻሉ። እማማ እጃቸውን ቦርሳቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ የትም ሳያዞሩ ተቀመጡ።

ወደብ ላይ ኦልሜዶ ጀልባዋን አሰረ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ፎቶውን እያሳየ ይስቃል። የልማድ ነገር ሆኖበት፣ ሳያስበው፣ ብድግ ብሎ “ዓሣ ነባሪ ያላየ ሰው አለ?” አለ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

እማማ ኤርሲሊያ እጃቸውን አነሡ።

ሳቁ ሁሉ ቆመ። ኦልሜዶ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ እግሬ አየሁ። ከኪሱ ትኬት አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። እጥፍ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ክንዴን ያዙ።

“ለከርሞ” አሉ።